የሜቭራው ብራንድስማ ጠረጴዛ

«ጠረጴዛውን እኮ ለኔ ሰጠችኝ» አለች ሪሀና፣ ዳቦዋን አላምጣ ሳትጨርስ።

ሂዳያ መጥበሻውን ይዛ ምድጃው ፊት ቆማ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሆላንድ አገር፣ ስሎተርቫርት ውስጥ፣ አንዱን ሕንፃ ከሌላው ለመለየት ቁጥሩን ማየት በሚያስፈልግበት ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ሰው እንደልቡ በማይዞርባት ወጥ ቤት ውስጥ ታናሽ እኅቷ እንደ ወትሮዋ የቅዳሜ ቁርሷን ልትበላ መጥታ ተቀምጣለች። «የቱን ጠረጴዛ?» አለች ሂዳያ፤ የቱ እንደሆነ ግን ሆዷ ቀድሞ ገብቶታል። «የቲነከን ነዋ! ያንን አሮጌውን፣ አረንጓዴውን። ዛሬ ዴን ሃግ ከተማ አረጋውያን ቤት ስለምትገባ ቤቱ ባዶ መሆን አለበት። ከማል በመኪናው ያደርስልኛል፤ አይደል ከማል?» ከማሉዲን የሂዳያ ባል ነው። ሳምንቱን ሙሉ በነጭ ቫን የሰው ዕቃ በየበሩ ሲያደርስ ይከርምና ቅዳሜን እንደ ዒድ የሚጠብቅ ሰው ነው። ከስልኩ ቀና ብሎ መጀመሪያ ሚስቱን፣ ቀጥሎ ሪሀናን፣ እንደገና ሚስቱን አየና «እኔ ምን ቸገረኝ» አለ። እንቁላሉ ማረር ጀመረ። ሂዳያ እያየችው አረረ።

ቀናች። ሌላ ስም አይገኝለትም። ከእግር ጥፍሯ የተነሳ ሙቀት ሽቅብ ወጥቶ ጆሮዋ ላይ ሲደርስ ተሰማት፤ ፊቷ እንዳያሳብቅባትም ዞር ብላ መታጠብ የማያስፈልገው ድስት ማጠብ ጀመረች። ሰው በባዳ ቢቀና አንድ ነገር ነው፤ ይሄኛው ግን የገዛ እኅቷ ነች፣ ያውም ከኮምቦልቻ በአሥር ዓመቷ አስመጥታ፣ ጸጉሯን እየሠራች፣ ትምህርት ቤት እያመላለሰች ያሳደገቻት እኅቷ። ለዚህች ልጅ ኩላሊቷን ጠይቀዋት ቢሆን ትሰጥ ነበር። ጠረጴዛውን ግን አትሰጥም።

ሪሀና «ቲነከ» የምትላቸው ሜቭራው ብራንድስማ፣ «ሜቭራው» በሆላንድኛ ወይዘሮ ማለት ነው፣ አምስተልቨን የሚኖሩ የሰማንያ ስምንት ዓመት ባልቴት ናቸው። ሂዳያ ማክሰኞና ዓርብ ቤታቸውን ስታጸዳ፣ ገላቸውን ስታጥብ፣ ሾርባቸውን ስትሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ጠረጴዛው ሳሎናቸው ውስጥ በመጋረጃው ጥግ ነው የሚቆመው። «ሮኮኮ» ብለው የነገሯት በመጀመሪያው ዓመት ነበር፤ የጥንት የቅርጽ አሠራር ስም መሆኑን ያላወቀችው ሂዳያ የአናጢው ስም መስሏት «እጁ ይባረክ» ብላቸዋለች። እግሮቹ ውኃ ሊጠጣ እንደሚንበረከክ ፍየል ጉልበታቸው ላይ እጥፍ ብለው፣ መሬት ሲደርሱ ደግሞ ጣታቸውን ወደ ውጭ ቀልበስ ያደርጋሉ። በጎንና ጎኑ ቅጠሉ፣ ዛጎሉ፣ ሐረጉ አንዱ ባንዱ ላይ እየተጠማዘዘ ተቀርጿል፤ ጫፍ ጫፉ ወርቅ ተቀብቶ፣ ወርቁ እየለቀቀ ቀዩ ሥሩ ብቅ ብቅ ይላል። ቀለሙ የደረቀ ጤና አዳም ነው። ፊቱ ላይ የጽጌረዳ አክሊል፣ መኻሉ ላይ ሁለት ወፎች ተስለውበታል፤ የአንዷ ወፍ ራስ ስንት ትውልድ ሲኒ ሲያስቀምጥባት ኖሮ ጠፍቷል። የሜቭራው ባል ቅድመ አያት ለጥሎሽ ያመጡት ነው ይላሉ። ሂዳያ እርጥብ ጨርቅ አስነክታው አታውቅም፤ ለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ ገዝታ ከቅጠሉ ጉያ አቧራውን እየጠረገች፣ አንዳንዴም ማንም በማይሰማበት «እንዴት አደርክ» እያለችው፣ ከቤቱ ሥራ ሁሉ እሱን መጨረሻ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ልጅ ሥጋውን ወጡን ከጨረሰ በኋላ እንደሚበላው ማለት ነው።

ደግሞም ጠረጴዛው የሷ ነበር። እንዴት ቢሉ፣ ተጠይቃበታለች። በክረምቱ አንድ ዓርብ፣ በረዶ ቀላቅሎ ሲዘንብ፣ ሜቭራው የጋዜጣውን መስቀለኛ ቃል እየሞሉ ቀና ሳይሉ፣ «ሂዳያ፣ የምሄድበት ክፍል ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛውን ይዤ መሄድ አልችልም። ትፈልጊዋለሽ?» አሏት። ልቧ ዘለለ። አፏ ግን ያደገበትን ተናገረ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አይ፣ አይ ሜቭራው፣ ኧረ ለኔ ይበዛብኛል፣ አመሰግናለሁ» አለችና፣ መልሰው እስኪጠሯት ወጥ ቤት ገብታ የታጠቡትን ሲኒዎች እንደገና አጠበች። ይኼ ነው ወጉ። በመጀመሪያው ቃል «አምጡ» የሚል ሰው ስግብግብ ነው። እንግዳ ጠግቤያለሁ ይላል፣ ባለቤት በሞቴ ይላል፣ እንግዳ ወላሂ አሁን ከቤት በልቼ ነው የወጣሁት ይላል፣ ባለቤት አፈር ስሆን ይላል፣ ከዚያ ወዲያ እጅ ይዘረጋል። ሜቭራው ግን «ጥሩ» ብለው ወደ መስቀለኛ ቃላቸው ተመለሱ። ሂዳያ ዛሬ ደክሟቸው ነው፣ ማክሰኞ ይደግሙታል ብላ ወጣች።

አገሩን አታውቀውም እንዳይባል ታውቀዋለች። ገና በገባች ሰሞን ሜቭራው የብስኩት ቆርቆሮ ከፍተው ሲያቀርቡላት እምቢ ብላ፣ ቆርቆሮው ፊቷ ላይ ተከድኖ ቁምሳጥን ሲገባ አይታለች፤ ከዚያ ወዲህ ብስኩት ሲመጣ ሳትግደረደር ታነሳለች። ግን ብስኩትና ጠረጴዛ አንድ ነው እንዴ? ይኼን የሚያህል ነገርማ አንዴ ተጠይቆ አይቀርም። እናም እቤቷ ገብታ የቴሌቪዥኑን ማስቀመጫ አስነስታ በመስኮቱ ሥር ቦታ አስለቀቀች። ከማሉዲን «ምን ሊቀመጥበት ነው?» ሲላት «ተወው ባዶውን» አለችው። ቦታው ክረምቱን ሙሉ ባዶውን ቆየ። በየሳምንቱ ሜቭራውን ታያቸዋለች፣ ጠረጴዛውን ስትቦርሽ ድምጿን ታሰማለች፣ አንዳንዴም «እንዴት ያምራል!» ትላለች። ሜቭራው «አዎ፣ ያምራል» ይላሉ። በቃ።

ለዚች ቤት ሪሀናን ያስተዋወቀችው ራሷ ናት። እናታቸው ታመው ሂዳያ ኮምቦልቻ የወረደች ጊዜ፣ ሰው የለም ብላ እኅቷን ተክታ ሄደች። ስትመለስ ያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሲኒ አገኘች። ሪሀና ክርኗን ወፎቹ ላይ ተክላ፣ ከአሮጊቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ሆላንድኛውን እንደ ውኃ እያፈሰሰችው ስለ ቢሮዋ አለቃ ታወራለች። ሂዳያን ሜቭራው ስንቴ «ተቀመጪና ሻይ ጠጪ» ብለዋት ይሉኝታ ይዟት ሻይዋን ወጥ ቤት ቆማ ነው የምትጠጣው። ከዚያ ወዲህ ሪሀና በየቅዳሜው ልትጠይቃቸው መሄዷን አላቋረጠችም፤ ሥራዋ ስላልሆነ የሚከፍላትም የለም። ደግሞ የሰማንያ ስምንት ዓመት ሰው «ቲነከ» ብላ በስማቸው ትጠራለች፣ «እሷ» እያለች ታወራለች። ሂዳያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር። ሜቭራው ግን ይወዱላታል።

«መቼ ነው የሰጡሽ?» አለች ሂዳያ፣ ድስቷን ለሦስተኛ ጊዜ እያለቀለቀች።

«ባለፈው ቅዳሜ። ትፈልጊዋለሽ ወይ አለችኝ፣ ያ ኽራኽ አልኳታ።»

ያ ኽራኽ። አዎ፣ ደስ ይለኛል። በሁለት ቃል! ዘጠኝ ዓመት በብሩሽ፣ እሷ በሁለት ቃል። ሂዳያ እጇን አድርቃ ሻርፗን ከመስቀያው አወረደች። «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ሪሀና «ኦ፣ ጥሩ! ሦስት ሆነን ይቀለናል» ብላ የተረፈውን ዳቦ ጎረሰች።

ቫኑ ፊት ለፊት ሦስት ሰው ይይዛል፤ ሪሀና መኻል ገባች። ከስሎተርቫርት አምስተልቨን ሩቅ አይደለም፤ ለሂዳያ ግን የዛሬው መንገድ እንደ ጎማ ተለጥጦባታል። ፀሐይ ስለወጣች ሰዉ ሁሉ ብስክሌት ላይ ነው፤ ከማሉዲን በየመታጠፊያው እየቆመ ያሳልፋቸዋል። ሪሀና ስለ ጠረጴዛው ትለፈልፋለች። ቤቷ ጠባብ ስለሆነ ኮሪደር ላይ ልታቆመው ነው። ቁልፍና ፖስታ ልታስቀምጥበት ነው። ኋላም «የአበባ ማሰሮዎቼንም ልደርድርበት አስቤያለሁ» አለች። ውኃ! ያን ቀለም ላይ ውኃ! ሂዳያ የመኪናውን እጀታ ጨምቃ ያዘች። ከማሉዲን በሪሀና ራስ ላይ ተሻግሮ አየት አደረጋትና ሬዲዮኑን ከፈተው። ሦስቱም ስለ ዝናብና ስለ ነገ አየር የሚያወራ ሰው እያዳመጡ ደረሱ።

ቤቱ ባዶ ለመሆን ምንም አልቀረውም። ሥዕሎቹ የነበሩበት ግድግዳ ላይ ነጣ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል፤ ሶፋው የለም፤ ካርቶኖቹ በር ላይ ተደርድረዋል። ሜቭራው ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው አንድ በቀረችው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጠረጴዛው ብቻውን ቆሟል። «ሪሀና!» ብለው ፊታቸው በራ፤ ቀጥለው «አ፣ ሂዳያ፣ አንቺም መጣሽ» አሉ። ሂዳያ ያችን ልዩነት መዘነቻት። ያችን የበራች ፊት ለራሷ ለማግኘት ስንት መስኮት እንደወለወለች አላህ ያውቃል።

ሪሀናና ከማሉዲን ለመጠቅለያ የተባለውን ብርድ ልብስ ሊያመጡ ፎቅ ወጡ። ሂዳያ ተንበርክካ የሜቭራውን ጫማ ማሰሪያ አጠበቀች። የተፈታ ነገር አልነበረውም፤ ጉልበቷ ላይ ሆና ለመናገር ቀሏት ነው። «ሜቭራው» አለች፣ ቀና ሳትል፣ «ሪሀና ትሸጠዋለች።» ከየት እንዳመጣችው አላወቀችም። እውነት ይሁን ውሸት አታውቅም። አንዴ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ትንሽ ቀለል አላት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። ሜቭራው ሪሀና ብርድ ልብሱን ታቅፋ ደረጃውን እየዘለለች እስክትወርድ ጠበቋትና «ሪሀና፣ ጠረጴዛዬን ልትሸጪው ነው እንዴ?» አሏት፣ ልክ ዛሬ ምሳ ምንድን ነው እንደሚባለው።

ሪሀና ቆም ብላ አሰበች። «እኔ እንጃ» አለች። «አላሰብኩበትም። ከቸገረኝ ግን ምናልባት። ከሰጠሽኝ የኔ ነው አይደል?»

ሂዳያ ዓይኗን ጨፈነች። አሁን አበቃላት አለች በሆዷ፤ ደስም አላት፣ አዘነችም። ግን የሰማችው ሳቅ ነው። ሜቭራው ራሳቸውን ወደኋላ ጥለው፣ የጥርሳቸው ድድ እስኪታይ ይስቃሉ። «እኔም የአማቴን የወርቅ ሰዓት ሸጫለሁ፤ ባሌ እስኪሞት አላወቀም!» አሉና እንደገና ሳቁ። «ይኼን ማን ነው የነገረሽ ግን?» አለች ሪሀናም እየሳቀች። «ሂዳያ» አሉ ሜቭራው፣ ነገር ማሳበቅ መሆኑን ጨርሶ ሳያስቡት።

ከኋላዋ የወረደው ከማሉዲን ብርድ ልብሱን ከሪሀና ተቀብሎ፣ ላዩ ላይ ያለውን አበባ የሚቆጥር ይመስል አቀረቀረ። ሪሀና እኅቷን አየቻት፤ ተቆጥታ አይደለም፣ ገና አሁን የታያት ነገር ያለ ይመስል ነው። በአማርኛ «ሂዳያ፣ ትፈልጊዋለሽ እንዴ?» አለቻት።

ሂዳያ መሬት መሬት አየች።

«ዝም ብለሽ ለምን አታወሪም? እኔ በምን ላውቅ?»

ሜቭራው ምን እንደሚባባሉ ጠየቁ፣ ሪሀና ነገረቻቸው። ሜቭራው ግራ ተጋብተው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «በክረምት ጠይቄያት እኮ አልፈልግም አለችኝ። ሂዳያ፣ ይኼን ጠረጴዛ ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

ይኸው፣ ክረምቱን ሙሉ የጠበቀችው ጥያቄ መጣ። በልመናና በመሐላ ተሸፍኖ አይደለም የመጣው፤ ትራም ውስጥ ቲኬት እንደሚጠይቅ ሰው ፊቷ ላይ ቆመ። ባሏ ያያታል፣ እኅቷ ታያታለች። እምቢ ብትል ለዘላለም ሄደ። እሺ ብትል ከእኅቷ እጅ እየነጠቀች ነው፣ ያውም እየታየች። «ያ» አለች፣ «ያ ሜቭራው። ኽራኽ።»

ሪሀና ትከሻዋን ነቀነቀች። «ኦኬ፣ ውሰጂው» አለችና እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፤ ለአረጋዊ መቀመጫ እንደምትለቅ ሁሉ። ሂዳያ ጠብ ቢሆን ትመርጥ ነበር። እንዲህ በቀላሉ ከተለቀቀማ፣ ሲያንገበግባት የከረመው ምን ነበር? ቢሆንም ጠረጴዛው ተገኝቷል፤ ብርድ ልብሱን ከከማሉዲን ተቀብላ፣ የፊተኛውን ግራ እግር ቀድማ ጠቀለለች፤ ጉልበቱ አጠገብ ስንጥቅ አለበት።

ጥቂት ቆይቶ ታክሲው መጣ፤ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ ትልቅ ታክሲ ነው። ሾፌሩ ካርቶኖቹን ጭኖ «ከሜቭራው ጋር አንድ ሰው መሄድ ይችላል» አለ። ልጃቸው እዚያው ዴን ሃግ ነው፣ ግን ከሥራ የሚወጣው ማታ ነው። ሜቭራው በሩ ላይ ሲደርሱ የካፖርታቸውን አንገት ይዘው ቆሙ፤ እንዲህ ትንሽ ሆነው ሂዳያ አይታቸው አታውቅም። «ሂዳያ» አሉ፣ «አብረሽኝ ትመጫለሽ? እዚያ ማንንም አላውቅም።»

ሂዳያ ጠረጴዛውን እየጠቀለለች ነበር። ከማሉዲን ገመዱን አምጥቶ በወርቁ ላይ ሊያሳልፈው ነው፤ ስንጥቁን አያውቀውም፤ በጎኑ ካስተኛው ቅርጹ ይላጣል፤ ዕቃ ሲወረውር የኖረ ሰው ምን ያውቃል። «ሌላ ቀን ሜቭራው፣ ማክሰኞ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለች። ለመግደርደር አይደለም፣ ደጋግመው ይለምኑኛል ብላም አይደለም፤ እውነቷን ነው፣ ዓይኗም ገመዱ ላይ ነበር። ሜቭራው «ጥሩ» አሉ። ሪሀና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ «እኔ አለሁ ቲነከ፣ እንሂድ» አለችና ክንዳቸውን ያዘች። ሂዳያ ቀና ብላ እጇን ለማውለብለብ ስትሞክር የታክሲው በር ተዘግቷል።

እሷ የቫኑ ኋላ ገብታ፣ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ መስኮት በሌለበት ጨለማ ውስጥ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ አቅፋ መጣች። ከማሉዲን እንደ ሙሽራ መኪና አዝግሞ ነዳ። ሊፍቱ አልበቃው ብሎ በደረጃ ነው የወጣው፤ ከሁለተኛ ፎቅ ክብሮም የሚባለው ጎረቤት አገዛቸው። ክብሮም ላቡን እየጠረገ «እንዲህ ያለ ነገር እኔ ያየሁት ቤተ መዘክር ውስጥ ነው» አላት፤ ሻይ ጠጣ ሲባል በልቻለሁ ብሎ፣ ሦስቴ ተለምኖ ጠጣ። ጠረጴዛው በመስኮቱ ሥር ባዶውን ሲጠብቀው በኖረው ቦታ ቆመ። ልክክ አለ። የከሰዓቱ ፀሐይ ጽጌረዳዎቹ ላይ ወድቆ ቤቱ ሁሉ የሌላ ሰው ቤት መሰለ። አንድም ጭረት አልነካውም። ሂዳያ ዙሪያውን ሄደች፣ ዝቅ ብላ አየችው፣ በመዳፏ ጠርዙን ዳሰሰችው፤ ስታስበው የኖረችው ደስታ እስኪመጣ ጠበቀች።

ስልኳ ጮኸ። ከሪሀና ፎቶ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ አልጋ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ጎማ ያለው ነጭ ጠረጴዛ፣ እሱ ላይ ሁለት የወረቀት ኩባያ። ሜቭራው ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሪሀና አንገታቸውን አቅፋለች። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ሂዳያ በጣቶቿ ፎቶውን አሰፋችው። መጀመሪያ የሜቭራውን አንገት አየች፤ ሻርፑ ልል ነው፣ ብርድ ጉሮሯቸውን ይመታቸዋል። ከዚያ ፊታቸውን አሰፋችው፣ ዓይናቸውን፣ ድዳቸውን። ብዙ ቆየችበት። ከማሉዲን ወገቡን ይዞ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ «በይ እንግዲህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። «የፈለግሽው እጅሽ ገባልሽ።»

ሂዳያ ስልኩን አቀበለችው።

«አየሃቸው እንዴት እንደሚስቁ?» አለችው። «እኔ ጋ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስቀው አያውቁም።»